ደባል፣ ራሱን የቻለና ደራሽ፦ በላፕቶፕ ገበያ አማርኛ ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ጥናት እንደ ልማዱ የሚነሣው ከመማሪያ መጽሐፍ ወይም ከመሥሪያ ቤት ሰነድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አማርኛ ግን የተገኘው ከሱቅ መስኮት ላይ ነው። ይኸውም በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም በቤቴልና በዓለም ባንክ ሰፈሮች ባሉ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች የሚለጠፈውና በሻጭና በገዥ መካከል የሚነገረው የላፕቶፕ አማርኛ ነው። ክፍለ ከተማው በምሥራቅ በኩል የመርካቶ ጎረቤት እንደ መሆኑ መጠን ዕቃው ከዚያ ሲመጣ ስሙም ተከትሎት ይመጣል። ስለዚህ እዚህ የምንለው ለአንድ ሰፈር ብቻ ሳይሆን ለከተማው ገበያ ሁሉ የሚሠራ ይመስለናል።

ጥያቄያችን ጠባብ ነው። ዋጋው መጠነኛ የሆነ፣ በውስጡ ሁለት ግራፊክስ የያዘ፣ እንደ ሥራው ክብደትም አንዱን ወይም ሌላውን የሚያሠራ ላፕቶፕ በአማርኛ ምን ተብሎ ሊጠራ ይገባል? ይህን ዓይነት መሣሪያ የሚፈልገው ገዥ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪ ወይም የተማሪ ወላጅ ነው። ቀን ለትምህርት የሚያገለግል፣ ማታ ደግሞ ፊፋ ወይም ጂቲኤ ለመጫወት የማያንስ አንድ ዕቃ ይሻል። ነገሩ የቃላት ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ወጪውን ማሰብ ይበቃል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ላፕቶፕ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። አንድ ቤተሰብ የዕቁብ ገንዘቡን አውጥቶ በማይገባው ቃል የተገለጸ ዕቃ ሲገዛ፣ የስያሜው ጉድለት የሚከፈለው ከእርሱ ኪስ ነው።

የተለመደው ማስታወቂያ ይህን ይመስላል፦ «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጂቢ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ፣ 6 ጂቢ ግራፊክስ፣ ለጌም የሚሆን»። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የአማርኛ ድርሻ «የሚሆን» የሚለው ግሥና «ለ» የሚለው መስተዋድድ ብቻ ነው። ይህ በራሱ አያስቈጣንም። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለው ግን ይገርመናል፤ ለመኪና ሲሆን «ያገለገለ» የሚለው ያው ነጋዴ ለላፕቶፕ ሲሆን ቃሉ የሚጠፋበት ምክንያት አይታየንም። ምናልባት «ያገለገለ» እውነቱን ስለሚናገርና ባዕዱ ቃል ስለሚያለሰልሰው ይሆናል። ይህን በዚሁ አልፈን ወደ ዋናው እንመለስ፤ ዋናው ችግር ያለው «6 ጂቢ ግራፊክስ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው።

ስድስቱ ጊጋባይት ከየት መጡ? ዊንዶውስ የተሰኘው ሥርዓት በአንድ ላፕቶፕ ላይ ካለው ራም ግማሽ ያህሉን ግራፊክሱ ሲቸግረው በጋራ ሊጠቀምበት እንደሚችል አድርጎ ይመዘግባል። ራሙ 8 ጊጋባይት ከሆነ 4 ያህል ማለት ነው። ተጨማሪው ግራፊክስ የራሱ 2 ጊጋባይት ካለው፣ በሰሌዳው ላይ ድምር ሆኖ 6 ይጻፋል። ቁጥሩ በስሌት ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ተከራይ የራሱን አንዲት ክፍልና የአከራዩን ሳሎን ደምሮ «ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለኝ» እንደ ማለት ነው። ሻጩ ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ አያታልልም። የሚያነበው የተጻፈውን ነው፤ የጎደለው የራስን ንብረት ከጋራ ንብረት የሚለይ አንድ የአማርኛ ገላጭ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም በዚሁ ላይ ይቆማል። ለአዲስ ዕቃ የነገሩ ስም ባዕድ ሆኖ ቢቀር ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ገላጩ ቃል ባዕድ ሆኖ ሲቀር ግን ገዥው መጠየቅ አይችልም። ሰው በገበያ የሚጠይቀው በስሙ ሳይሆን በገላጩ ነውና።

ለዚህ አባባላችን አስረጂ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የመኪና አማርኛ ከጣሊያንኛ ያገኛቸውን ስሞች አልተጸየፈም። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የተወረሱ ናቸው። ሆኖም መካኒኩና ባለመኪናው የሚግባቡት በእነዚህ ስሞች ላይ በተቀጠሉ የአማርኛ ገላጮች ነው፦ የእጅ ፍሬን፣ የኋላ ማርሽ፣ ቅያሪ ጎማ። «ስልክ»ም ሽቦ ከሚል የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ሽቦ አልባው ስልክ በመጣ ጊዜ «ተንቀሳቃሽ» ወይም «የእጅ» የሚል ገላጭ ጨምረንበት ያለ አንዳች ችግር አገልግሎናል። የፊደል ገበታ ላይ ያልተማረ ሾፌር እንኳ የእጅ ፍሬንን ከእግር ፍሬን ለይቶ ይናገራል። ባዕዱ ስም በአማርኛ ገላጭ ሲያዝ ቋንቋው ውስጥ እንደ ተወላጅ ይቈጠራል።

በዚህ መሠረት «ግራፊክስ» የሚለውን ስም መተርጐም አስፈላጊ አይመስለንም። ተርጓሚዎች «ሥዕላዊ ማቀናበሪያ»፣ «የምስል ማቀነባበሪያ ክፍል» የመሳሰሉትን ሲያቀርቡ እናያለን። እነዚህ በመዝገበ ቃላት ፍች ሆነው ቢገቡ ተገቢ ነው፤ በስምነት ግን ረዝመው አፍ ላይ አይቀመጡም። ከግዕዝ አሳጥሮ ለመመሥረት የሚነሣ ሰውም ቢኖር ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ምስል ፈጣሪ» የሚለውን ወደ «ምስለ ፈጣሪ» ቢያዛውረው ዕቃው ከሱቅ ወጥቶ ወደ ነገረ መለኮት ይገባበታል። «ርዕዮተ ዓለም»ን የመሰለ ጥምር ቃል በጽሑፍና በንግግር ሥር የሰደደው ጽንሰ ሐሳቡ የጽሑፍና የመድረክ ስለ ነበረ ነው። ግራፊክስ ግን የመድረክ ሳይሆን የባንኮኒ ቃል ነው።

አሁን ወደ ገላጮቹ እንግባ። በአንድ መጠነኛ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገኙት ሁለቱ ግራፊክሶች በሥራም በአኗኗርም የተለያዩ ናቸው። አንደኛው በዋናው ፕሮሰሰር ውስጥ የሚኖር፣ የራሱ ማኅደረ ትውስታ የሌለው፣ የላፕቶፑን ራም የሚጋራ ነው። ሁለተኛው ለብቻው በተቀመጠ ቺፕ የተሠራና የራሱን ማኅደረ ትውስታ ይዞ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያውን ተርጓሚዎች «የተቀናጀ ግራፊክስ» ይሉታል። ይህ ቃል በቃል የተወሰደ ትርጉም ነው፤ ጉድለቱም በአማርኛ «የተቀናጀ» የምስጋና ቃል መሆኑ ነው። የተቀናጀ ዕቅድ፣ የተቀናጀ ልማት፣ የተቀናጀ ጥረት ሲባል ስንሰማ የኖርን ሰዎች «የተቀናጀ ግራፊክስ» ሲባል ከሌላው የተሻለና የተሟላ ዕቃ ቢመስለን አይፈረድብንም። ቃሉ ሊያስተላልፍ የሚገባው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዕቃው የራሱ ቤት የለውም።

የሁለተኛው ስም ይባስ ተበላሽቷል። ገበያው «ዴዲኬትድ» ብሎ ይዞታል። ይህን ለመተርጐም የሞከሩ ሰዎች «የተወሰነ ግራፊክስ» ብለዋል። በባዕዱ ቋንቋ የቃሉ ሐሳብ «ለአንድ ሥራ ብቻ የተመደበ» ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን «የተወሰነ» የሚለው ያለ ተሳቢ ሲቀመጥ «ውሱን፣ ጥቂት» ማለት ይሆናል። እንግዲህ ገዥው «የተቀናጀ» እና «የተወሰነ» ከሚሉት አንዱን ምረጥ ቢባል የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም፤ የሚመርጠው ደካማውን ነው። «የተነጠለ ግራፊክስ» የሚልም አልጠፋም። ይህ ደግሞ የተገነጠለ፣ ከቦታው የወለቀ ዕቃ ያስመስለዋል። ሦስቱም ትርጉሞች በመዝገበ ቃላት ሚዛን ሲታዩ ትክክል ናቸው፤ በገበያ ላይ ግን ሦስቱም ሰውን ያሳስታሉ።

በዚያው ሰፈር፣ በዚያው መንገድ ዳር፣ ከላፕቶፕ ማስታወቂያው ጎን የሚለጠፍ ሌላ ማስታወቂያ አለ፤ የቤት ኪራይ። የቤት ኪራይ አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገንን ተቃራኒ ጥንድ ከብዙ ዘመን በፊት አዘጋጅቶ አስቀምጦልናል። በአንድ ቤት ከሌላው ጋር ተዳብሎ የሚኖረው «ደባል» ይባላል። የራሱ በር፣ የራሱ ኩሽና ያለው ቤት «ራሱን የቻለ» ይባላል። እነዚህን ሁለት ቃላት የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ አለ ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚኖረውንና ራም የሚጋራውን «ደባል ግራፊክስ»፣ የራሱ ማኅደረ ትውስታ ያለውን «ራሱን የቻለ ግራፊክስ» እንድንል ሐሳብ እናቀርባለን። «ጥገኛ» የሚለውንም አስበንበት ነበር፤ ነገር ግን በሕይወት ሳይንስ ትምህርት «ጥገኛ ተውሳክ» የሚለውን ስለሚያስታውስና ዕቃውን ያለ ጥፋቱ ስለሚሰድብ ትተነዋል። ደባል ነውር የለበትም፤ ኪራዩን ይከፍላል።

የጥንዱ ጥቅም በስያሜ ውበት ብቻ የሚለካ አይደለም። የነገሩን አሠራር ይዞ ይሄዳል። ደባል የሚኖርበት ቤት ሲሰፋ እርሱም ይደላዋል፤ ቤቱ ሲጠብ እርሱም ይጨነቃል። ደባል ግራፊክስም እንዲሁ ነው። በላፕቶፑ ውስጥ አንድ የራም ዘንግ ብቻ ካለ፣ 2400 የሚል ፍጥነት ያለው ዲዲአር 4 ራም በሰከንድ 19 ጊጋባይት ያህል ያስተላልፋል፤ ሁለት ዘንግ በጥንድ ሲገባ ወደ 38 ከፍ ይላል። ይህ ልዩነት በደባል ግራፊክስ ላይ በግልጽ ይታያል። እንዲያውም ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው አይሪስ ኤክስኢ በተባለው ደባል ግራፊክስ ላይ ስሙ ራሱ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ያው ቺፕ ራሙ በጥንድ መስመር ሲሠራ «አይሪስ ኤክስኢ» ተብሎ ሲጠራ፣ በነጠላ መስመር ሲሆን ግን ዝቅ ብሎ «ዩኤችዲ ግራፊክስ» ተብሎ ይታያል። አንድ ሰው በሚኖርበት ቤት ስፋት ስሙ ሲለወጥ ማለት ነው። ገበያው ይህን የሚገልጽ ቃል ስለሌለው፣ ሁለተኛ የራም ዘንግ በጥቂት ወጪ ጨምሮ ሊደሰት የሚችለው ገዥ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ላፕቶፕ ይለውጣል።

«ዴዲኬትድ» በገበያው ላይ የሚያስከትለው ሌላም ውዥንብር አለ። ቃሉ ለግራፊክሱ ብቻ ሳይሆን ለማኅደረ ትውስታውም ይውላል። ዊንዶውስ ስለ ግራፊክስ በሚያሳየው መረጃ ላይ «ዴዲኬትድ» እና «ሸርድ» የሚሉ ሁለት የማኅደረ ትውስታ መስመሮች አሉ። ደባሉ ግራፊክስ ከራም ላይ ለራሱ ብቻ የተከለለች ትንሽ ድርሻ ስለሚኖረው፣ ብዙ ጊዜም 128 ሜጋባይት ስለምትሆን፣ በ«ዴዲኬትድ» መስመር ላይ እርሱም ይታያል። ስለዚህ «ዴዲኬትድ አለው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዥ «አዎን» የሚል መልስ ቢያገኝ ሻጩ አልዋሸም፤ ገዥው ግን ተታሏል። «ራሱን የቻለ አለው ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ ይህ ማምለጫ አይኖርም። የተከለለችውን ድርሻ «ክልል» ልንላት እንችላለን፤ በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የሚነሣ አይመስለንም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ቃል ነው። ሁለቱ ግራፊክሶች እየተፈራረቁ የሚሠሩበትን አሠራር ተርጓሚዎች «ተቀያያሪ ግራፊክስ» ብለውታል። እንደ ሰዋስው ቃሉ እንከን የለውም፤ እንደ ገበያ ቃል ግን በቀጥታ ያስታል። በአማርኛ «ቅያሪ» ወይም «ተቀያሪ» የሚባለው ወልቆ በሌላ የሚተካ ወይም በመጠባበቂያነት የተቀመጠ ዕቃ ነው፤ ቅያሪ ጎማ፣ ቅያሪ ልብስ እንደምንለው። እንግዲህ «ተቀያያሪ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ» የተባለ ሰው ወደ ፊት ገንዘብ ሲያገኝ ደካማውን አውጥቶ ጠንካራ የሚያስገባበት መሣሪያ የገዛ ይመስለዋል። በመጠነኛ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ግን ከዋናው ሰሌዳ ጋር በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ አይወጣም። ይህ የትርጉም ጥፋት ሰው የሚያውቀው ከገዛ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል።

ስለዚህ አሠራሩን ራሱን መመልከት ያሻል። በመጀመሪያ ዘመን አሠራሩ በእርግጥ መፈራረቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሶኒ ባወጣው ቫዮ ኤስዜድ በተባለ ላፕቶፕ ላይ በእጅ የሚገፋ ማብሪያ ነበር። በአንድ በኩል ባትሪ ለመቈጠብ፣ በሌላው በኩል ለፍጥነት ይገፋል፤ ለውጡ እንዲሠራም ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደገና መነሣት ነበረበት። ይህን «ፈረቃ» ብንለው ከነፍሱ የሚስማማ ስያሜ ነው። ፈረቃን የከተማችን ሰው ከትምህርት ቤትም ከመብራትም ከውኃም ያውቀዋል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ኤንቪዲያ ኦፕቲመስ ብሎ የሰየመውን አሠራር አወጣ። (በነገራችን ላይ ኦፕቲመስ በላቲን «ከሁሉ የበለጠ» ማለት ነው፤ ኩባንያው ዕቃውን ራሱ አመሰገነው እንጂ አሠራሩን አልገለጸልንም። ኤኤምዲም ከሁለት ዓመት በኋላ ተመሳሳዩን አሠራር ኤንዱሮ አለው። የንግድ ስም የጽንሰ ሐሳብ ስም ሆኖ መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባት የለበትም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።) በኦፕቲመስ አሠራር ደባሉ ግራፊክስ ከሥራ አይወጣም። ስክሪኑ የተያያዘው ከእርሱ ጋር ስለሆነ ማናቸውም ምስል ወደ ዐይናችን የሚደርሰው በእርሱ በኩል ነው። ከባድ ሥራ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ጨዋታ ሲከፈት፣ ተኝቶ የነበረው ራሱን የቻለው ግራፊክስ ይነቃል፤ ምስሉን ይሠራል፤ የሠራውንም ለደባሉ ያስረክባል፤ ደባሉ ለስክሪኑ ያቀርባል። ሥራው ሲያልቅ እንግዳው ተመልሶ ይተኛል፤ ኃይል መውሰዱንም ያቆማል።

ይህን «ፈረቃ» ማለት አሠራሩን ይስታል። አንዱ ገብቶ ሌላው የሚወጣበት አይደለም፤ ቤተኛው በቤቱ እንዳለ ሥራ ሲበዛበት ሌላው የሚመጣበት ነው። በአማርኛ ለዚህ የሚሆኑ ቃላት ጥቂት አይደሉም። «አጋዥ» አለ፤ ነገር ግን አጋዥ ከሌላው ጋር ጎን ለጎን ሆኖ አንዱን ሸክም የሚካፈል ነው፤ እዚህ ግን ሥዕሉን የሚሠራው እንግዳው ብቻ ነው። «ደቦ» ለብዙ ሰው ነው፤ ደግሞም ጠላ ይጠይቃል። እኛ የመረጥነው «ደራሽ» የሚለውን ነው። ደራሽ ሲጠሩት የሚመጣ፣ ችግር ሲያልፍ የሚመለስ ነው፤ «ድረሱልኝ» ባይ ሲኖር ነው የሚነሣው። ራሱን የቻለው ግራፊክስ በዚህ ዓይነት ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ጠባይ ይኸው ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን «ባለ ደራሽ ላፕቶፕ»፣ የአሠራሩንም ስም «የደራሽ አሠራር» ብለን እንጠራለን።

በዚህ ምርጫ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው «ደራሽ ጎርፍ» እንደምንለው ቃሉ ድንገተኛ ጉዳትንም ይጠቁማል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አውድ ይለያቸዋል፤ በላፕቶፕ ላይ ጎርፍ የሚጠብቅ የለም። ሁለተኛው ተቃውሞ «ደራሽ» የክፍያ አገልግሎት መጠሪያ ሆኗል የሚል ነው። እኛ ግን ይህን የምናየው በማስረጃነት ነው። ቃሉ በአዲስ ሥራ ላይ ሲውል ሕዝቡ ያለ ማብራሪያ እንደሚቀበለው ያሳያል። የሚቀረው ልዩነት «ደራሽ» እና «ራሱን የቻለ» የሚሉት አንድ ነገርን ይጠራሉ ወይ የሚለው ነው። መልሳችን አይደለም ነው። «ራሱን የቻለ» የዕቃውን አኗኗር፣ «ደራሽ» በላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ተግባር ይናገራል። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ራሱን የቻለ ግራፊክስ አለ፤ ደራሽ ግን አይባልም፤ ስክሪኑ በቀጥታ ከእርሱ ጋር ተያይዞ ዘወትር የሚሠራ ነውና። «ፈረቃ»ም ጨርሶ አይጣልም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኤንቪዲያ በአንዳንድ ውድ ላፕቶፖች ላይ ስክሪኑ ራሱ ከአንዱ ግራፊክስ ወደ ሌላው የሚዛወርበትን አሠራር መልሶ አምጥቷል፤ ለዚያ ፈረቃ ትክክለኛ ስም ነው።

ደራሽ ማለት ጠንካራ ማለት እንዳልሆነ ደግሞ ማሳሰብ ይገባል። ስያሜው የሚናገረው መምጣቱን እንጂ ማሸነፉን አይደለም። ባገለገሉ መጠነኛ ላፕቶፖች ውስጥ ከሚገኙት ደራሾች መካከል ጂፎርስ 940 ኤም ኤክስ ለአብነት ይጠቀሳል። ይህ ግራፊክስ በሁለት ዓይነት ማኅደረ ትውስታ ተሠርቷል። አንዱ በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ፣ ሌላው 40 ገደማ ያስተላልፋል። ሁለቱም በማስታወቂያው ላይ «2 ጂቢ ኤንቪዲያ» ናቸው። ዘገምተኛውን ከላይ ከጠቀስነው በጥንድ ራም ከሚሠራ ዘመናዊ ደባል ጋር ስናስተያይ ደራሹ ከተደራሹ ደክሞ እናገኘዋለን። የጂፎርስ ኤም ኤክስ 150 ታሪክ ደግሞ ለስያሜ ጥናት ከዚህ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ይህ ግራፊክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ በተደረገ ፍተሻ በአንድ ስም ሁለት ዕቃ እየተሸጠ መሆኑ ታወቀ። አንዱ 25 ዋት ገደማ የሚወስድና መነሻ ፍጥነቱ 1468 ሜጋኸርዝ፣ ሌላው 10 ዋት ብቻ የሚወስድና መነሻው 937 ሜጋኸርዝ ነው። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው አንድ ስም ነው። እንግዲህ ስም አሻሚ ሆኖ ሰውን የሚያሳስተው በአማርኛ ብቻ አለመሆኑን ተርጓሚዎቻችን ይወቁት፤ ባለቤቶቹም ይህን ያደርጋሉ። የእኛ መዝገበ ቃላት ይህን ጉድለት መውረስ ግን ግዴታው አይደለም።

የዋቱ ነገር ሌላም ፍሬ አለው። በከተማችን መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ በባትሪ የሚሠራባቸው ሰዓቶች ዋጋ አላቸው። የደራሽ አሠራር የተፈጠረውም ለዚህ ነው። ተማሪው ሲጽፍና ሲያነብ ደራሹ ተኝቶ ባትሪ ይተርፋል። ሻጩ ለገዥው የሚነግረው ስለ ጨዋታው ብቻ ነው፤ ስለ እንቅልፉ አይነግረውም። አንዳንዱ ባለመደብር ደግሞ ደራሹ ዘወትር እንዲነቃ አድርጎ ሲያሳይ ዕቃው ፈጣን መስሎ ይሸጣል፤ ገዥው ቤቱ ሲደርስ ባትሪው በአጭር ጊዜ ያልቃል። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ለየፕሮግራሙ ደራሹ ይነሣ ወይም ይተኛ የሚል ምርጫ ሰጥቷል። በዚያ ምርጫ ላይ ያሉትን ቃላት ለመተርጐም «ቈጣቢ» እና «ብርቱ» ይበቃሉ፤ ከዚህ የረዘመ አያስፈልግም።

ስለ «ቀላል ጨዋታ»ም ጥቂት እንበል። ማሽኑን የማያስቸግር ጨዋታ ለማለት «ቀላል ጌም» ይባላል። አማርኛ ውስጥ «ቀላል» ክብደት የሌለውንም ችግር የሌለውንም ይጠራልና፣ ለተጫዋቹ ቀላል ይሁን ለማሽኑ ቀላል አይታወቅም። ቼዝ ለማሽኑ ቀላል፣ ለሰው ግን ከባድ ነው። «መለስተኛ» የሚለው ቃል፣ በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንጠቀምበት እንደኖርነው፣ ከከባዱ በታች ከኢምንቱ በላይ ያለውን ደረጃ ይገልጻል፤ «መለስተኛ ጌም» እንበል። መለኪያም ይኖረዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒዩተር የወጣው ጂቲኤ 5 ቢያንስ 1 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው ግራፊክስና 4 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ ይህ የመለስተኛነት ድንበር ሊሆን ይችላል። «ጌም» የሚለውን ወደ «ጨዋታ» እንመልስ የሚሉ ወገኖች ሐሳባቸው ይከበራል፤ ነገር ግን ጨዋታ በአማርኛ ወግም ነው፣ ቡና ላይ የሚደራ ወሬም ነው። ልጆቹ ሁለቱን ለይተው ይዘዋል፤ እኛ የምንቀላቅልበት ምክንያት የለም። «ባጀት ላፕቶፕ» ለሚለው ደግሞ ስያሜ መፍጠር አያስፈልግም፤ ነጋዴው «ዋጋው አቅምን ያገናዘበ» ሲል ከእኛ ቀድሞ ጨርሶታል።

ከዚህ በታች ለመዝገበ ቃላት ዝግጅት እንዲያገለግሉ ያሰብናቸውን ዓምዶች እናቀርባለን። የምሳሌ ዐረፍተ ነገሮቹን ከመጽሐፍ ሳይሆን ገዥ ለሻጭ ሊናገራቸው ከሚችሉት ወስደናል።

ደባል ግራፊክስ፦ በፕሮሰሰር ውስጥ የሚገኝ፣ የራሱ ማኅደረ ትውስታ የሌለውና የኮምፒዩተሩን ራም የሚጋራ ግራፊክስ። «ደባል ብቻ ከሆነ ራሙ ስንት ዘንግ ነው?»

ራሱን የቻለ ግራፊክስ፦ ለብቻው በተቀመጠ ቺፕ የተሠራና የራሱ ማኅደረ ትውስታ ያለው ግራፊክስ። «ከስድስቱ ጊጋ ራሱን የቻለው ስንት ነው?»

ደራሽ፦ (ስለ ላፕቶፕ ሲነገር) ከባድ ሥራ ሲመጣ የሚነቃና ምስሉን ሠርቶ በደባሉ በኩል ወደ ስክሪን የሚያስተላልፍ ራሱን የቻለ ግራፊክስ። «ደራሹን አስነሥተህ አሳየኝ፤ ከዚያ አስተኛው።»

ፈረቃ፦ (ስለ ላፕቶፕ ሲነገር) ስክሪኑ ራሱ ከአንዱ ግራፊክስ ወደ ሌላው የሚዛወርበት አሠራር።

ተቀያያሪ ግራፊክስ፦ አይመከርም፤ ደራሽ የሚለውን ተመልከት።